ጋሼና ቀይ አፍንጫው ባቡር

ሜሪላንድ መጥቼ መጀመሪያ የያዝኩት ሥራ ሆም ኬር፣ ማለትም ሰው ቤት ሄዶ አረጋውያንን መንከባከብ ነበር። የምንከባከባቸው ሰው ሰማንያን ያለፉ አሜሪካዊ ናቸው። ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት ስለከበደኝ "ጋሼ" አልኳቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ወደዱት።

አንድ እሑድ ቤዝመንት ወርጄ አንድ ካርቶን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ከባድ ነው። ስከፍተው በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ባቡር ወጣ፤ አካሉ ብርማ፣ አፍንጫው ቀይ። ላዮኔል የተባለ ኩባንያ የሠራው የአሻንጉሊት ባቡር ነው፤ ላዮኔል 2333 ይባላል። ልጅ ሆነው አባታቸው ለገና የገዙላቸው ነው።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ከዚራ ሠፈር ነው ያደግኩት፣ ማታ ሲገባ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ያንን ሎኮሞቲቭ እጄ ላይ ስይዘው ምን እንደተሰማኝ የባቡር ሠፈር ልጅ ይረዳኛል።

ታሪኩን ጋሼ ጀመሩልኝ፣ የቀረውን እኔ አንብቤ ጨረስኩት። አሻንጉሊቱ የተቀዳበት እውነተኛው ባቡር ኤፍ 3 የሚባለው የጄኔራል ሞተርስ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው፤ ኢሊኖይ ውስጥ ላ ግራንጅ በሚባል ቦታ ይሠራ ነበር። ብርማና ቀዩ ቀለም የሳንታ ፌ ባቡር ኩባንያ ነው። ቀለሙን የነደፈው ሌላንድ ኒከርቦከር የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ባለሙያ ሲሆን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አለቆች ራሳቸው ላይ የሚደፉትን የላባ ዘውድ ይመስላል። ላዮኔልን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1900 ኒው ዮርክ ላይ የመሠረተው ጆሹዋ ላዮኔል ካወን ነው፤ የስደተኞች ልጅ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው የአሻንጉሊት ባቡር መሥራቱን በ1942 አቁሞ ለባሕር ኃይል ኮምፓስ ያመርት ነበር። ይህ ሎኮሞቲቭ የወጣው ጦርነቱ ባበቃ በ3 ዓመቱ፣ በ1948 ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ገንዘቡ ነው። የአሻንጉሊቱ አካል የሚወጣበትን ቅርጽ (ሞልድ) መሥራት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሳንታ ፌና ሌላው የባቡር ኩባንያ ኒው ዮርክ ሴንትራል አብረው ከፈሉ። ጎኑ ላይ የጄኔራል ሞተርስ ምልክት የተለጠፈው ለዚህ ነው። ጊዜው የእንፋሎት ባቡር በናፍጣ የሚተካበት ጊዜ ነበር፣ እና የየቤቱ ልጅ ምንጣፍ ላይ የሚያዞረው ያንኑ አዲሱን ሎኮሞቲቭ እንዲሆን ፈልገዋል ብዬ አስባለሁ።

ወደ እኛው ልመለስ። ሐዲዱ ላይ ስናስቀምጠው አልተንቀሳቀሰም። ዝም ብሎ እዝዝ ይላል። ገልብጬ ስከፍተው ሆዱ ዝጓል፤ ለካ ጥሩንባው የሚሠራው ውስጡ ባለ አንድ ትልቅ ባትሪ ድንጋይ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለውን ማንሻ ስትጫነው ውስጥ ያለች ሪሌ የምትባል የኤሌክትሪክ ማብሪያ ባትሪውን ከጥሩንባው ታገናኛለች። ያ ባትሪ ሳይወጣ ለዓመታት ተረስቶ ፈስሷል። የዚህ ሞዴል ትልቁ በሽታ ይኸው ነው። ጋሼ አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማታ ካስተኛኋቸው በኋላ ዝገቱን በብሩሽ እፍቃለሁ። ሁለት ሞተር ነው ያለው፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን የሁለቱንም ካርቦን ቀየርኩ፣ ጥርሶቹን ዘይት ቀባሁ፣ የመሐለኛውን ሐዲድ ወለወልኩ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በሦስተኛው ሐዲድ ነውና። አባቴ "ማሽን አይቸኮልበትም" ይለኝ ነበር፤ ያን ሰሞን ድምፁ ጆሮዬ ላይ ነበር።

አንድ ማታ ተነሣ። መብራቱ በራ፣ የሞቀ ዘይት ሽታ ቤቱን ሞላው፣ እኔ ድሬ ገባሁ። ጋሼ ማንሻውን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ተጫኑት። ጥሩንባው ነፋ። "አንዴ ልድገመው?" አሉኝ፣ እኔን ፈቃድ እየጠየቁ። ደጋገሙት።

ሲበቃቸው ባትሪውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። እስካሁንም ባቡሩን ስናቆም መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።