ስረሳት ለመለመች፣ ሳስታውሳት ሞተች

ካክተስ ገድያለሁ። ልብ በሉ፣ ጽጌረዳ አላልኩም። በረሃ ላይ ወራት ሙሉ ዝናብ ሳያይ የሚኖረው፣ እሾሁን ቀስሮ ፀሐይ የሚጋፈጠው ካክተስ እኔ ቤት ገብቶ ሁለት ወር አልቆየም። በምን እንደሞተ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ተከራይ የለቀቀው መሰለ። ባዶ ግድግዳ፣ አንድ ሶፋ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ግድግዳው ላይ የቀረ ካርታ የመሰለ እድፍ። ታላቅ እህቴ አንድ ቀን መጥታ ዙሪያውን ቃኘችና ምንም ሳትል ሄደች። በሳምንቱ ሦስት ተክል ታቅፋ ተመለሰች።

«እነዚህ ለሰነፍ የተፈጠሩ ናቸው። እነዚህንም ከገደልክ ቀጥሎ የማመጣልህ የተክል ፎቶ ነው» አለችኝ።

አንዱ ስኔክ ፕላንት ነው፤ ያ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው። ፈረንጆች «የአማት ምላስ» ይሉታል አሉ፣ ስለቱን አይተው ይሆናል። ሁለተኛዋ ዚዚ፣ ቅጠሏ በሰም የተወለወለ የሚመስለው። ሦስተኛዋ ፖቶስ፣ ብዙ ሰው መኒ ፕላንት የሚላት፣ እየተሳበች የምትወርደው። ለሁለቱ ያወጣችው ገንዘብ ለአንድ የአበባ እቅፍ ከሚወጣው አይበልጥም፤ ፖቶሷን እንዲያውም ከራሷ ቤት ቆርጣ ነው ያመጣችው።

አቀማመጡንም ለእኔ አልተወችውም። ፖቶሷን መጽሐፍ መደርደሪያው አናት ላይ አድርጋ ሐረጓን በእድፉ ላይ ለቀቀችው። ስኔክ ፕላንቱን አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ከታ ሶፋው ጥግ አቆመችው። ዚዚ ደግሞ ብዙ ብርሃን ስለማትፈልግ ኮሪደር ላይ፣ ከበሩ ኋላ ካለው ጫማ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ሰው የሚኖርበት መሰለ።

ከዚያ ረሳኋቸው። በቃ፣ ረሳኋቸው። ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር አለፈ፤ ብርጭቆ ውስጥ የተረፈ ውሃ ካለ ለቅርቡ እደፋለታለሁ፣ ከሌለም የለም። እነሱ ግን እኔን ለማናደድ ይመስል አደጉ። ፖቶሷ እድፉን ሸፍና ወደ መስኮቱ ጉዞ ጀመረች። ስኔክ ፕላንቱ ከጎኑ ልጅ አወጣ።

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ሆነ። «እጅህ ለምለም ነው!» ይሉኛል። አንዱ ምስጢሬን ሲጠይቀኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ጠዋት ጠዋት አናግራቸዋለሁ» አልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት እንደ ፖቶስና ስኔክ ፕላንት ያሉ ተክሎች አየር እንደሚያጣሩ ለአንዲት ሴት አብራራሁ። ጥናቱ እውነት ነው፤ የተሠራው ግን በታሸገ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ መስኮት በሚከፈትበት ቤት ያንን ለማግኘት ሳሎኔን ጫካ ማድረግ ነበረብኝ። ይህን አልነገርኳትም። ዝና ሲመጣ ሰው ዝርዝር ይጠላል።

ዝናው ጎረቤቴ እማማ ጋ ደረሰ። ለሦስት ሳምንት ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ሲሉ በሬን አንኳኩ፤ በአንድ እጃቸው ዚዚ፣ በሌላው ጠርዙ ቢጫ የሆነ ስኔክ ፕላንት። «አሥር ዓመት አብረውኝ ኖረዋል፤ ከአንተ በቀር ለማንም አልሰጥም» አሉኝ። በስንት ቀን እንደሚጠጡ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ።

እኔ ታውቃለህ ተብዬ አላውቅም። ግን የሰው አደራ ነው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተክል ልንከባከብ ወሰንኩ። የስልኬን ደወል ለጠዋት 12 ሰዓት ሞላሁት። በየቀኑ፣ በትልቅ ጆግ። ይህ ሳያንስ ለእማማም ድንገተኛ ደስታ ይሁን ብዬ ሁለቱን ወደሚያምር የሸክላ ማሰሮ አዛወርኳቸው። ከሥሩ ቀዳዳ የለውም፤ ወለል አያቆሽሽም ብዬ ይህንኑ ወደድኩለት። ከተነሳሁ ላይቀር ሳሎን ያሉትን የራሴንም አጠጣሁ። አንድ ሁለት ጊዜ አናገርኳቸውም፤ ለካ ሰው የዋሸውን ማመን ይጀምራል።

በሁለተኛው ሳምንት የእማማ ዚዚ ቢጫ ቅጠል አሳየችኝ። ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩላት። ሌላ ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ሁለት ጆግ አደረግኩት። ቤቱ ውስጥ ያልታጠበ ካልሲ ሽታ መጣ፤ ካልሲዎቼን ሁሉ አጠብኩ። አንድ ማታ የእማማ ስኔክ ፕላንት ወደ ጎን ዘንበል ሲል አየሁና ላቃናው ያዝኩት። እንደ ላላ ጥርስ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ያንጠባጥባል።

እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ጣትህን አፈሩ ውስጥ አስገባ።»

«አስገባሁ።»

«ምን ይላል?»

«ጭቃ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ እንደ ሐኪም ረጋ ብላ ነገረችኝ። ሥር አየር ይፈልጋል፤ በአፈሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ውሃ ከያዘው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፤ እንደኔ ያለው ሰው ይጨምርለታል። ዚዚ ከአፈሩ በታች ድንች የመሰለ ነገር አላት፤ ውሃዋን እዚያ አጠራቅማ ወር ትከርማለች። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ ደረቅ ካላገኘ ጆግ አይነሳም።

«ያ ካክተስህስ በየስንት ቀኑ ነበር የምታጠጣው?» አለችኝ ድንገት።

ስልኩን ዘጋሁባት።

በማግስቱ መጥታ የሚድነውን አዳነች። የእኔ ስኔክ ፕላንት አልተረፈም። ፖቶሷን ከአንጓዋ ዝቅ እያለች ቆርጣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከረቻት፤ በሁለት ሳምንት ሥር ሰደደች። የእማማን ስኔክ ፕላንት ደህናዎቹን ቅጠሎች ጣት በሚያህል እየቆራረጥክ፣ ቁስሉ ደርቆ ሲያገግም አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ትከል ብላኝ ሄደች። ተከልኩ። ከቀናት በኋላ መጥታ ስታይ ግማሾቹን ዘቅዝቄ ነበር የተከልኳቸው። ቅጠል ወደ ላይ የነበረው ጫፉ መሬት ከገባ ሥር አያወጣም፤ እኔ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ጭንቅላቱና እግሩ አንድ ሆኖብኛል።

የእማማ ዚዚ ግን ከድንቿ ጭምር ሟሙታ ነበር።

እማማ በቀጠሮአቸው ተመለሱ። በሩን የከፈትኩት ይቅርታዬን ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼ ነው። እሳቸው ግን አላዩኝም። ዓይናቸው በትከሻዬ በኩል አልፎ ጫማ መደርደሪያው ላይ አረፈ። እዚያ የእኔ ዚዚ ነበረች፤ በሩ ኋላ ስለሆነች በዚያ ሁሉ ጎርፍ ወቅት ትዝ ያላለችኝ፣ አቧራ የለበሰች፣ ሦስት አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣች።

«ውይ፣ የኔ ቆንጆ! እንዲህ አሳደግሃት?» ብለው አቀፏት።

ልናገር ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ተከፍቶ ነበር።

«ስኔክ ፕላንቱስ?»

አሸዋው ላይ የተሰኩትን ስድስት ቁራጮች አሳየኋቸው። «እያባዛሁልዎት ነው።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከቁራጭ ቅጠል የሚበቅለው አረንጓዴ ብቻ እንደሚሆን፣ ያ ቢጫ ጠርዝ ተመልሶ እንደማይመጣ አልነገርኳቸውም። እሱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቤት እቀይር ይሆናል።

ማታ ስልክ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይቺን ዚዚ በየስንት ቀኑ ነበር የምታጠጣት? እንደለመደችው ላድርግላት ብዬ ነው።»

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አጠጥቻት አላውቅም።»

ከት ብለው ሳቁ። ትሕትና መሰላቸው።