አምስት ዓመት ብቻ የቆየው የቲኋና ጎልፍ

የምኖረው ሳንዲያጎ ነው፤ የሜክሲኮ ድንበር ቅርቤ ነው። ስለ ጎልፈኛው ጂን ሳራዘን ሳነብ አንድ ቁጥር አስደነገጠኝ። በጥር 1930 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ከድንበሩ ማዶ ባለችው የሜክሲኮ ከተማ ቲኋና ላይ በተካሄደው አጓ ካሊዬንቴ ኦፕን በተባለ የጎልፍ ውድድር አንደኛ ወጥቶ 10,000 ዶላር ወስዷል። ያኔ የትልቁ የአሜሪካ ጎልፍ ውድድር የዩኤስ ኦፕን የአንደኛ ሽልማት 1,000 ዶላር ነበር። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ከወደቀ ገና ሦስት ወር ገደማ! ይህን ሁሉ ብር ማን ከየት አመጣው? ታሪኩን መሰብሰብ የጀመርኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

አጓ ካሊዬንቴ ማለት ሙቅ ውሃ ነው፤ እንደኛው ፍልውሃ። በዚህ ስም የድሮ ጋዜጦችን ስፈትሽ ግን የሚመጣልኝ ፈረስ ብቻ ሆነ። ለካ እዚያው የፈረስ እሽቅድምድምም ነበር፤ ዝነኛው ፈረስ ፋር ላፕ በ1932 ያሸነፈው እዚያ ነው። ሁለት ቅዳሜ በፈረስ አለቀ። ከዚያ የቦታውን ስም ትቼ በተጫዋቾች ስም ፈለግኩ። ያኔ ተከፈተልኝ። ከሳራዘን ቀጥሎ በየዓመቱ ያሸነፉት ጆኒ ጎልደን፣ ፍሬድ ሞሪሰን፣ ፖል ራንያን፣ በ1934 ደግሞ ዊፊ ኮክስ። በቃ፣ እዚያ ላይ ቆመ።

ብሩ የመጣው ከቁማር ነው። አሜሪካ መጠጥ ከልክላ ስለነበር ጠጪውም ቁማርተኛውም ድንበር ይሻገር ነበር። በ1928 የተከፈተው ትልቁ ሆቴልና ካዚኖ የሆሊውድ ሰዎች መዋያ ሆነ። ጎልፉ እንግዳ መጥሪያ ነበር።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት መጨረሻው ላይ ነው። «የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ቁማር ሲከለክሉ ውድድሩ ሞተ» ብዬ ጻፍኩ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ዓመቶቹን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስደረድራቸው አልገጠሙም። ክልከላው 1935፣ የመጨረሻው ውድድር 1934። ሽልማቱ ከዚያ በፊትም እየተመናመነ ነበር፤ በታኅሣሥ 1933 ደግሞ አሜሪካ መጠጥ ፈቀደች። ክልከላው የዘጋው ካዚኖውን ነው፤ ውድድሩ ቀድሞ ቆሟል። አንቀጹን ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ ዓመቶቹን ሳልደረድር «ስለዚህ» የሚል ቃል አልጽፍም።

ቦታውን ያየሁት ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ መሄድ ነበረብኝ። ሆቴሉ የነበረበት ግቢ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። ሚናራ የመሰለ አንድ ግንብ ቀርቷል። የጎልፍ ሜዳው ግን እስካሁን አለ። አጥሩ ጋ ቆሜ አንድ ሽማግሌ ኳስ ሲመታ ረጅም ሰዓት አየሁ።