ከአባሮ ተራራ እስከ አሞራ ገደል በእግር

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን ሐይቃችን ውሃውን ከየት እንደሚያገኝ በእግሬ ሄጄ አይቼ አላውቅም ነበር። ወንዶ ገነት ለፍል ውሃው በመኪና ሄጄ እመለሳለሁ፣ በቃ። ጥቅምት ላይ ግን ከጓደኛዬ ጋር ወንዶ ገነት አጠገብ ካለው ከአባሮ ተራራ ተነስተን፣ ውሃውን እየተከተልን በሁለት ቀን ሐይቁ ዳር ደረስን።

አባሮ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ። ቁልቁለት ስለሆነ ይቀለናል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቁልቁለት ግን ጉልበትና ጥፍር ይጨርሳል። ጫማዬን ላላ አድርጌ ነበር ያሰርኩት፤ እግሬ በየእርምጃው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶቼ የጫማውን ጫፍ ሲመቱ ዋሉና ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሯል። እና እባካችሁ፣ መውረድ ሳትጀምሩ ቁጭ በሉና ክሩን ቁርጭምጭሚታችሁ ጋ ጥብቅ አድርጉት። ጥፍራችሁንም ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።

ስንቃችን በሶና ቆሎ ነበር። በሶ በውሃ በጥብጦ መጠጣት የመሰለ ነገር የለም፣ እሳት አይፈልግም፣ ሸክምም አይሆንም።

በሁለተኛው ቀን ጫካው፣ እንሰቱና ሸንኮራው አልቆ ጨለለቃ ደረስን። ድሮ ሐይቅ ነበር፤ አሁን ረግረግ ነው። መንገድ ለማሳጠር ቀጥ ብለን ልናቋርጠው ስንል ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ጮኹብን። "ልጆቼ፣ ተመለሱ! መሬት መሰላችሁ እንጂ ከሣሩ ስር ውሃ ነው!" ዱላቸውን ወደ ሣሩ ሰደዱት፤ ግማሹ ሰመጠ። "አባባ፣ እግዜር ይስጥልን" ብለን ዞርን። ዙሪያው ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ድጋሚ ብሄድ በጥር ነው የምሄደው፣ መሬቱ ሲጠነክር።

ከጨለለቃ ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው የጥቁር ውሃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ትናንት ጠዋት በመዳፌ ስጨልፈው ጥርት ያለ የነበረው ውሃ ከስሬ ደፍርሶ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ያልፋል። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ የገባው እዚያው ነው የሚቀረው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ የከበደኝ ግን የዚያን ቀን ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስንደርስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ይሻማሉ። ሁለት የዓሣ ሾርባና አንድ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አዘዝን፤ እስኪመጣ ጫማዬን አወለቅኩ።