172 እና 156

ትናንት ማታ ተኛሁ ማለት አይቻልም። ከ3 ሰዓት ጀምሬ አንድ ክፍል ብቻ፣ አንድ ክፍል ብቻ እያልኩ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆነ። ዛሬ ቢሮ አይኔ አባብጦ ስገባ ጥበቃው "ልጄ ለቅሶ ነበር እንዴ?" አሉኝ። አልቅሻለሁስ አልቅሻለሁ፣ ግን ለሁለት የካርቱን ልጆች ነው ብዬ ለሳቸው እንዴት አድርጌ ላስረዳ።

ላቭሊ ኮምፕሌክስ ይባላል። አዲስ ነገር አይደለም፣ በ2007 በፈረንጆቹ የወጣ 24 ክፍል ያለው አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ነው፣ ስዕሉም አሁን ከሚሰሩት ጋር ሲተያይ አርጅቷል፣ ሲናደዱ አፋቸው ከፊታቸው ይበልጣል። እህቴ ናት "ቁርጥ አንቺን የመሰለች ልጅ አለች" ብላ በፍላሽ ያመጣችልኝ። ልጅቷ ኮይዙሚ ሪሳ ትባላለች፣ ቁመቷ 172 ሴንቲ። ልጁ ኦታኒ፣ 156። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው ደሞ ጉዱ!

እኔ 178 ነኝ። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሪሳ እኔ ነኝ ብዬ ነው ያየሁት። ኤለመንተሪ እያለሁ ስሜ ፖል ነበር፣ "እዛ ላይ ዝናብ ጀመረ?" የማይለኝ ልጅ አልነበረም፣ ሰርግ ላይ ፎቶ ስንነሳ እስከዛሬ ከኋላ ነኝ፣ እሱም ሳይበቃ "ትንሽ ጎንበስ በይ" እባላለሁ። አክስቴማ ነፍሷን ይማርና "ለዚች ልጅ ባል የሚመጣው መሰላል ተሸክሞ ነው" ትል ነበር ሰው ፊት፣ ሰዉ ይስቃል እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

ታሪኩ ያለው ኦሳካ ነው። ሪሳና ኦታኒ ክፍል ውስጥ ሲጨቃጨቁ መምህራቸው "ኦል ሃንሺን ክዮጂን" ብሎ ይጠራቸዋል፣ ይሄ የእውነት ያለ የኦሳካ ኮሜዲ ጥንድ ስም ነው፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም። ክፍሉ ሳቀ፣ አለቀ፣ ተለጠፈባቸው። ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈ በምን ይላቀቃል። ከዛ እሷ ሱዙኪ የሚባል ረጅም ልጅ ትወዳለች፣ እሱ ደሞ ቺሃሩ የምትባል ትንሽዬ አይናፋር ልጅ፣ እና ልርዳሽ ልርዳህ ተባብለው ሲለፉ ሱዙኪና ቺሃሩ እርስ በርስ ተዋደው ቁጭ አሉ። ሁለቱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እዚህ ጋ ብቻዬን አልጋ ላይ ጮኼ ነው የሳቅኩት።

ሰው ሁሉ ስለ ተቃራኒዎች የተሰራ ነው ይለዋል፣ እኔ ግን እያየሁት ሄጄ ሄጄ ምናቸው ነው ተቃራኒ አልኩ። ኡሚቦዙ የሚባል ራፐር አለ፣ ክፍሉ ውስጥ ለሱ የሚያብዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ የሚናደዱት እኩል፣ የሚስቁት እኩል፣ መልስ እንኳን ሲመልሱ ቃሉ አንድ ላይ ነው የሚወጣው። የሚለያዩት በሜትር ብቻ ነው። ሰው ግን የሚያየው ሜትሩን ነው፣ እነሱ ራሳቸውም።

ሌላው ነገር ቋንቋቸው። ጃፓንኛ አልችልም፣ የእንግሊዝኛውን ጽሁፍ እያነበብኩ ነው የማየው፣ ግን ጆሮ ይለምዳል። እንደ ቶኪዮ ሰው አያወሩም፣ የነሱ የኦሳካው አነጋገር ነው፣ ፈጠን ያለ ዘፈን ዘፈን የሚል። ቀኑን ሙሉ "አሆ" ሲባባሉ ይውላሉ። አሆ ሞኝ ማለት ነው፣ ኦሳካ ውስጥ ግን ፍቅር አለበት፣ ቶኪዮዎች የሚሉት "ባካ" ነው እነሱን የሚያስቀይማቸው፣ እኛ ጋ "አንተ ጅል" እና "ደደብ" እንደሚለያዩት ማለት ነው። ማንዛይ የሚባል የሁለት ሰው ኮሜዲም አላቸው፣ አንዱ የማይሆን ነገር ይናገራል ሌላው ወዲያው ጎሸም እያደረገ ያርመዋል፣ እና የነዚህ ልጆች ፍቅር ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚህ ስልት ነው የሚሄደው። ችግሩ ሪሳ የምር ወድጄሃለሁ ስትለው የመጣ ነው። ቀልድ መሰለው! አልፈርድበትም፣ ለስንት ጊዜ ሲቀላለዱ ኖረው በየትኛው ድምጿ የምሯን መሆኑን ይወቅ። ሲገባው ደግሞ በዛ አይን አላይሽም አላት፣ ያኔ ነው እንግዲህ የኔ አይን ያበጠው።

ከመሃል በኋላ ይንዛዛል አልዋሽም፣ ለማስቀናት ብቻ የሚገቡ ሰዎች አሉ፣ ያ ማይቲ የሚሉት ቆንጆ መምህር ሲመጣ ኦታኒ መቅናቱን ራሱ ሳያውቅ ሲነጫነጭ ግን ያስቃል።

ግን ለዚህ አይደለም ልጽፍ የተነሳሁት።

ቢሮ አንድ ልጅ አለ። እኔ ጉርድ ፎቶ ነው የምለው፣ እሱ ፎቅ ይለኛል። ሂል ያረግኩ ቀን "ዛሬ ደሞ ሰርቪስ ክፍል አሰራሽ" ይለኛል፣ እኔም ዝም አልለውም፣ ሰዉ የኛን ጭቅጭቅ ካልሰማ ቡናው አይጣፍጠውም። እና ባለፈው ለገና ሰሞን ምሳ በልተን ስንመለስ ደረጃ ላይ፣ እሱ ሁለት ደረጃ ቀድሞኝ ስለነበር እኩል ሆነን ነበር፣ ዞር አለና "ስትስቂ ግን ደስ ትያለሽ" አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ዛሬ ገና ፊቴን አየኸው ማለት ነው?" ሳቀ። ሳቀ ግን ፊቱ አልሳቀም፣ ቀድሞኝ ወጣ፣ ከዛ በኋላ ሁለት ቀን ፎቅ ብሎ አልጠራኝም። ስራ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

ትናንት ሌሊት ኦታኒ ያንን የሪሳን ቃል በሳቅ ሲያልፈው ፖዝ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ክፍል ሪሳ ነኝ ስል የነበርኩት ሰውዬ ኦታኒ ኖሬያለሁ ለካ! በ178 ቁመቴ!

ዛሬ ፍላሹን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ማኪያቶውን ይዞ መጣና አይኔን አየት አድርጎ "ፎቅ፣ መብራት ሄዶብሽ ነው?" አለኝ። ፍላሹን አውጥቼ ሰጠሁት። ምንድነው አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሚባለውን ሳዘጋጅ ነበር፣ በልቤ ሶስት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።

"ስለ አንድ አጭር ልጅ ነው" አልኩት።