ዮናስ የሸሸው ፈርቶ አልነበረም

ማክሰኞ፣ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጋደም ብላለች። ቤቱ ጸጥ ሲል መጽሐፍ ቅዱሷን አነሳሁና ትንቢተ ዮናስን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ትጨርሰዋለህ። ሙሉውን ሳነበው ይሄ የመጀመሪያዬ መሆኑን ለማንም አልናገርም፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ታሪኩን እንደሆነ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ "አውቀዋለሁ"።

የነገረችኝ አያቴ ናት፤ ለዚያውም ሱቅ ስትልከኝ እምቢ ባልኩ ቁጥር። "ዮናስም እምቢ ብሎ ነው ዓሣ የዋጠው" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያኔ የማውቀው ዓሣ ተጠብሶ ሳህን ላይ የሚቀርበውን የሐዋሳ ቆሮሶ ነው። አንድ ትልቅ ሰው እዚያ ውስጥ እንዴት ገባ? ለብዙ ጊዜ አስጨንቆኛል። በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ሥዕሉን አየሁት። ጢሙ የረዘመ ሰውዬ ከዓሣ አፍ እስከ ወገቡ ወጥቶ እጆቹን ዘርግቷል። በቃ፣ ዮናስ ማለት ለእኔ ያ ሆኖ ቀረ። ፈሪ ሰው ሸሸ፣ ዓሣ ዋጠው፣ ተጸጸተ፣ ታዘዘ።

ዛሬ ስቆጥረው ዓሣው ያለው ሦስት ቁጥር ላይ ብቻ ነው። "ዓሣ አንበሪ" የሚለውም የመጣው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ነው። የዮናስ መጽሐፍ ራሱ "ታላቅ ዓሣ" ብሎ ያልፈዋል። ያ ሁሉ የልጅነት ጭንቀቴ ለሦስት ቁጥር!

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ዮናስ ነነዌን ፈራ የሚል ነገር የለም። ፈልጌ አጣሁት። መርከቡ ሊሰበር ሲል እሱ ታች ወርዶ ተኝቷል። የመርከቡ አለቃ ነው የቀሰቀሰው። በኋላ መርከበኞቹ ምን እናድርግህ ሲሉት "አንሥታችሁ ባሕር ውስጥ ጣሉኝ" ያለው ራሱ ነው። ፈሪ እንዲህ አይልም።

ታዲያ ለምን ሸሸ? መልሱን ምዕራፍ አራት ላይ ራሱ ይናገረዋል። ነነዌ ንስሐ ገብታ ከጥፋት ስትተርፍ ዮናስ ይናደዳል። ገና በአገሬ ሳለሁ ይሄንኑ አላልኩህም ነበር? ወደ ተርሴስ የሸሸሁት አንተ ይቅር ባይ፣ ታጋሽ፣ ምሕረትህ የበዛ እንደሆንህ ስለማውቅ ነው ይላል። ምሕረቱን እንደ ክስ ነው የሚያቀርብለት። ሐሰተኛ ነቢይ እንዳልባል ብሎ ነው የሸሸው ሲባል በስብከት ሰምቼ አውቃለሁ። ግን ሥዕሉ ቀድሞ ስለተተከለብኝ ነው መሰለኝ፣ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

ደግሞ አትፍረዱበት። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፣ ጤግሮስ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ የኢራቋ ሞሱል ያለችበት። ዮናስ ደግሞ በመጽሐፈ ነገሥት እንደተጻፈው የጋትሔፍር ሰው ነው፤ ከሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት። ያንን መንግሥት ማን አጠፋው? አሦር። ዋና ከተማው ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ወደቀች፤ ሕዝቡም ተማርኮ ተወሰደ። መጀመሪያ ይህን መጽሐፍ ያነበቡና የሰሙ ሰዎች ነነዌ ሲባል ምን እንደሚታያቸው ማሰብ ቀላል ነው። እኔ ግን በልጅነቴ የነነዌ ሰዎች የሚታዩኝ እንደ ሰፈራችን ሰዎች ነበር፤ ትንሽ አጥፍተው የሚጾሙ።

አጎቴን ያነሳሁት እዚህ ላይ ነው። በልቤ ማለቴ ነው።

የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። የአያቴን ቤት በስሙ አዙሮ ሸጠና ብሩን ይዞ ጠፋ። አያቴ የመጨረሻ ዓመታቷን ኪራይ ቤት አሳለፈች። ለቀብሯም አልመጣም። አሥራ አንድ ዓመት ድምፁ አልተሰማም። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግሥት በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ፣ እሱ ነው። ከስቷል፣ ጸጉሩ ነጥቷል፣ በፌስታል ሙዝ ይዟል። እማዬ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ። እሷ ምን አለች? "ተነስ ወንድምዓለም፣ መሬቱ ይበርዳል" አለችው። ከዚያ ቡና አፈላች።

በሩን ጠርቅሜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ስኒ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አልገባሁም።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይመጣል። እኔም ስጠብቀው ቆይቻለሁ። ዛሬ ብር እንድናበድረው ይጠይቃል እላለሁ፤ አይጠይቅም። ዛሬ ጠጥቶ ይመጣል እላለሁ፤ አልጠጣም። ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ዮናስስ ምን አደረገ? ከከተማዋ ወጥቶ በምሥራቅ በኩል ዳስ ሠራና ከተማዋ ምን እንደምትሆን ለማየት ተቀመጠ። ይህን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ይቅር እንደተባሉ እያወቀ ነው እኮ የሚጠብቀው! ዳግም ቢያጠፉ ደስ ይለዋል ማለት ነው።

ቅሉም አለ። እግዚአብሔር ከፀሐይ የምትከልለው ቅል አበቀለለት፣ ደስ አለው። በማግሥቱ ትል በላት፣ ደረቀች፣ ሞቴን አምጣው አለ። ስለዚህች ቅል አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ሄሮኒመስ የሚባል የጥንት ሊቅ መጽሐፍ ቅዱስን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ሲመልስ "ቅል" የሚለውን ትቶ የሌላ ሐረግ ስም አስገባ። ይህ በዛሬዋ ትሪፖሊ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሕዝቡ ተነስቶ ጮኸ። ጳጳሱ ምእመን አልባ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ታሪኩን የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ራሱ ለሄሮኒመስ በደብዳቤ ጽፎለታል። ብዙዎች ደግሞ ተክሉ ጉሎ ነው ይላሉ። ሕዝቡ እውነት ለአንዲት ቅል ነው የጮኸው? ከልጅነታቸው የሰሙት ነገር ሲነካባቸው ነው እንጂ። እኔም ዓሣውን የወሰዱብኝ ያህል ተሰምቶኛል።

መጽሐፉ የሚያልቀው በጥያቄ ነው። አንተ ላልደከምክባት ቅል እንዲህ ካዘንክ፣ እኔስ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ላሉባት ከተማ አላዝንም? ብሎ ይጠይቀዋል። ዮናስ ምን እንደመለሰ አልተጻፈም። እንስሶቹ እንዳይረሱ! አያቴ በልጅነቷ ገጠር ሳሉ በነነዌ ጥጃው እስከ ሰዓት ድረስ ከእናቱ ይታገድ እንደነበር ትነግረን ነበር፤ የነነዌ ከብቶችም ጾመዋልና። ያኔ የሚያሳዝነኝ ጥጃው ብቻ ነበር።

እማዬ ነቃች። "ምን ታነባለህ?" አለችኝ። "ዮናስን" አልኳት። ሳቀች። "ሱቅ አልሄድም ያልከው ትዝ ብሎህ ነው?" አለች።

ከዚያ እንደዋዛ አድርጋ ሐሙስ ዶሮ እንደምትሠራ ነገረችኝ። እሱም ይመጣል። ጉልበቱን አሞታል አሉ፤ ከመገናኛ ታክሲ ሲወርድ እንድቀበለው ትፈልጋለች። "ደረጃውን ደግፈህ አውጣልኝ" አለች።

አራተኛ ፎቅ ነን። ሊፍቱ ከተበላሸ ከርሟል።