ዘንዶ ብዬ የለጠፍኩት ሻርክ

የኢንተርኔት ዜና በምንሠራበት ቤት ከተቀጠርኩ ሦስት ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ዜና ጠፋ። ቴሌግራም ላይ ስዞር አንድ ፎቶ አገኘሁ፤ መርከብ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ የበሰበሰ ጥንብ፣ አንገቱ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ጎንና ጎኑ ላይ መቅዘፊያ የመሰለ ነገር ያለው። "ሰሞኑን የተያዘ የባሕር ዘንዶ" ይላል። ትንሽ ቅመም ጨመርኩበትና ለጠፍኩት። እስከ ምሳ ድረስ ሼሩ ጉድ ነበር። እንዲያውም የዚያን ቀን ምሳ የጋበዝኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ አንጋፋው አርታዒያችን ጠሩኝ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

"ዘንዶ ነው ያለው ማነው?"

"ፎቶው ላይ ይታያል እኮ ጋሼ።"

"ሉካንዳ ቤት ቆዳቸው ተገፎ፣ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ በግና ፍየል ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ትለያቸዋለህ?"

ዝም አልኩ። (እውነቱን ለመናገር፣ የበጉ ላት ካልተተወልኝ አልለይም።)

ቁጭ ብዬ የፎቶውን ምንጭ ፈለግኩ። ለካ እኔ ሳልወለድ የተነሳ ነው! እንደ ፈረንጆቹ በ1977 ዙይዮ ማሩ የምትባል የጃፓን ዓሣ አስጋሪ መርከብ ኒውዚላንድ አካባቢ በመረብ ያወጣችው፣ 10 ሜትር ገደማ የሚረዝምና ወደ 1,800 ኪሎ የሚመዝን ጥንብ ነው። መርከበኞቹ የያዙት ዓሣ እንዳይበላሽባቸው ፎቶ አንስተው መልሰው ባሕር ውስጥ ጣሉት። ጃፓን ውስጥ ከዳይኖሰር ዘመን የተረፈ ፕሊሲዮሰር የሚባል አንገተ ረጅም የባሕር እንስሳ ነው ተብሎ አገር ጉድ አለ። ደግነቱ ከመጣሉ በፊት ከክንፉ ላይ ጥቂት ክሮች ተወስደው ነበር። ክሮቹ ላብራቶሪ ገብተው አሚኖ አሲዳቸው ሲታይ ባስኪንግ ሻርክ ከሚባለው ግዙፍ ዓሣ ጋር ገጠመ።

እኔን የገረመኝ የአንገቱ ነገር ነው። ይህ ሻርክ ሲበሰብስ መጀመሪያ የሚረግፈው ያ ሰፊ መንጋጋውና ስንጥቡ ነው፤ እነሱ ሲሄዱ የሚቀረው ትንሽ የራስ ቅልና ረጅም አከርካሪ ብቻ ስለሆነ፣ ለሚያየው ሰው ቁጭ አንገት! የጭራው የታችኛው ክፍልም አከርካሪው ስለማይደርስበት ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ ጭራውም ቀጭን የእንሽላሊት ጭራ ይመስላል። ዘንዶውን የሠራው መበስበሱ ነው ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ቺሊ ባሕር ዳር የተገኘውንም ትልቅ ዝልግልግ ክምር ግዙፍ ኦክቶፐስ ነው ሲሉት ከርመው፣ ዲኤንኤው ሲታይ የዓሣ ነባሪ ቅሪት ሆኖ ተገኘ።

ማስተካከያውን የዚያኑ ቀን ማታ ጻፍኩ። ማን ያነበዋል! ጋሼ ግን አንብበው "ስንጥብ" የሚለውን ፊደል አርመው መለሱልኝ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ያንኑ ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። "አየኸው ይኼን ጉድ?" ትላለች። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የእኔው ነው፣ ከነቅመሙ።