በሥራ ቦታ የመከባበር ስልጠና፦ ከጎጃም አሜሪካ ለገባ ሠራተኛ ምን ይጠቅመዋል?

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ ወይም ከሞጣ በዲቪ መጥቶ ሆቴል፣ ዌርሃውስ ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ የተቀጠረ ሰው፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልኩ ላይ ሊንክ ይደርሰዋል። ትንኮሳንና መድልዎን ስለመከላከል የሚሰጥ ስልጠና ነው። ቪዲዮው ሲሄድ እራቱን ይበላል፣ ጥያቄዎቹን ቀድሞት የመጣ ወዳጁ ይመልስለታል፣ ሰርተፍኬቱም ይወጣል። በኋላ አለቃው በእረፍት ሰዓት «አማርኛ አትናገር» ሲለው መብቱን አያውቅም። እሱም የሥራ ባልደረባውን ትከሻ ይዞ «ወፈርሽ እኮ፣ ተስማማሽ» ሲላት ለምን እንደተከፋች አይገባውም፤ አገር ቤት ይህ ምርቃት ነውና።

መንግሥት ይህን ስልጠና ማስገደድ አለበት ወይ ለሚለው መልሳችን አዎ ነው። ነገር ግን በግዴታው ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት ብዙ መነጋገር ያስፈልጋል።

ግዴታው እንደየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ 5 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ ለተራ ሠራተኛ 1 ሰዓት፣ ለተቆጣጣሪ 2 ሰዓት በየ2 ዓመቱ እንዲያሰለጥን ያዛል፤ አዲስ ገቢ በ6 ወር ውስጥ መውሰድ አለበት። ኒው ዮርክ በየዓመቱ ነው፤ የሰዓት ገደብ የለውም፣ ግን ሠራተኛው የሚሳተፍበት መሆን አለበት። ብዙ ወገን ያለበት የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብናል። ለሆቴል፣ ለችርቻሮ፣ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች ከስልጠናው ጋር፣ አብዛኛውን ሰዓት ብቻውን ለሚሠራ ሰው የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ እንዲሰጠው ያስገድዳል። የሆቴል ክፍል ብቻዋን የምታጸዳ እህታችን አደጋ ሲመጣባት ከሰርተፍኬቱ ይልቅ የሚያድናት ያ ቁልፍ ነው።

ግዴታን የሚቃወሙት ሰዎችም ማስረጃ አላቸው። ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን ከ800 በላይ ኩባንያዎችን አጥንተው፣ ለኃላፊዎች የብዝኃነት (በዘርና በጾታ የተለያዩ ሠራተኞችን በእኩል የማየት) ስልጠና በግዴታ ከተጀመረ ከ5 ዓመት በኋላ በኃላፊነት ላይ ያሉ ጥቁር ሴቶች ድርሻ በአማካይ በ9 በመቶ ቀንሶ አግኝተዋል። ሰው አመለካከቱን በትእዛዝ ሊያስቀይሩት ሲሞክሩ እልህ ይይዘዋል። ለዚህ ከአገራችን ታሪክም ምሳሌ አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ማለት ግን በጎጃም ገጠር ከዚያ በኋላ ለትውልዶች ቆይቷል። ክልከላው ተገቢ ነበር፣ ብቻውን ግን አልበቃም።

ስለዚህ ግዴታው አመለካከትን ትቶ የሚታይ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። ስልጠናው በተከፈለበት የሥራ ሰዓት ይሰጥ። ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይሁን፤ አማርኛ ከሌለ አስተርጓሚ ይቀመጥ። ሰልጣኙ ሲወጣ ከቅርብ አለቃው ሌላ ቅሬታውን የሚቀበለውን ሰው ስምና ስልክ ይዞ ይውጣ። ይህ ሦስተኛው ከጎደለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበድለው ራሱ አለቃው ነውና።

በ2025 ጃንዋሪ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የነበሩትን የብዝኃነት ፕሮግራሞች እንዲዘጉ አዘዋል። ከዚያ ወዲህ «ዲኢአይ (የብዝኃነት፣ የእኩልነትና የአካታችነት ፕሮግራም) ቀርቷል፣ ከእንግዲህ መክሰስ የለም» የሚል ወሬ ይዞራል። ስህተት ነው። 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር እንዳያዳላ የሚከለክለው የ1964 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሲቪል መብቶች ሕግ አሁንም በቦታው አለ። ቅሬታ አቅራቢን መበቀልም ክልክል ነው።

ለጎጃም ሰው በተለይ የሚጠቅሙት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ለደህንነት ወይም ለሥራው ግድ ሲሆን እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ ሊባል ይችላል፤ ምሳ ላይ ጭምር ሁልጊዜ አማርኛ መከልከል ግን በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት እንደ መድልዎ ይገመታል። ሁለተኛው እሑድና በዓል ነው። እሑድ አልሠራም ያለው የፖስታ ሠራተኛ ጌራልድ ግሮፍ ጉዳይ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 እንደወሰነው፣ ቀጣሪ የሃይማኖት ጥያቄን ለመከልከል ከፍ ያለ ጫና እንደሚያደርስበት ማሳየት አለበት፤ ትንሽ ወጪ ምክንያት አይሆንም። ለገና ወይም ለስቅለት ፈቃድ ስትፈልጉ የሺፍት ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት ቀኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተባለ ይረሳል፣ ይካዳልም።

አብዛኛው ጉዳይ የሚበላሸው በጊዜ ነው። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከቻ የሚቀርበው በደሉ ከደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የስቴት ወይም የአካባቢ መሥሪያ ቤት ካለ 300 ቀን ይሆናል። እኛ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ መላክ ልማዳችን ነው፣ ደግ ልማድም ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሲያስታርቁም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል (ኤችአር) «እያየነው ነው» ሲል ግን ቆጠራው አይቆምም። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ማመልከቻውም ቀኑ ሳያልፍ ይግባ።

ማስታወሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ያዙ፦ የተባለው ቃል፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሰማ ሰው። በራሳችሁ ስልክ ወይም ደብተር ይሁን፤ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የተቀመጠ ከሥራ ስትወጡ አይገኝም። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፤ መስከረምና ሴፕቴምበር ተምታተው 180ው ቀን ያለፈ እንዳይመስል።